ወተቱን ልድፋው ወይ? ሜርኩሪ ከመኖ ወደ ወተት የሚሄድበት መንገድ

(በሐዋሳ ከተማ ለወተት ላም አርቢዎች፣ ለመኖ ነጋዴዎችና ለእንስሳት ጤና ባለሙያዎች የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል)

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ የሙያ ባልደረቦቼ፤

ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ገና ሥራ በጀመርኩበት ወቅት፣ ከሐዋሳ ወደ ቱላ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ አንድ ግቢ ውስጥ የታመመች ላም ሙቀት ስለካ የብርጭቆ ቴርሞሜትሬ ከእጄ አምልጦ የበረቱ ወለል ላይ ተሰበረ። ብርማው ፈሳሽ ጠብታ ጠብታ ሆኖ በጭዱ መካከል ተበተነ፤ አንዷ እንክብል ተንከባልላ ከመኖ ገንዳው ሥር ስትገባ በዓይኔ አየኋት። የቤቱ እመቤት በሩ ላይ ቆመው ያዩ ስለነበር፣ «ልጄ፣ ይኼ ነገር መርዝ ነው ይባላል፤ የዛሬውን ወተት ልድፋው ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም ብዙ ሳላስብ «አዎ፣ ይድፉት፤ ጭዱንም ጠርገው ያቃጥሉት» አልኳቸው። አራት ሊትር ያህል የማለዳ ወተት ከደጃፉ ተደፋ። በሁለቱም ምክሬ ተሳስቼ ነበር። ዛሬ የምናገረው የመጀመሪያው ስህተቴ ለምን ስህተት እንደሆነ ነው፤ ወደ ሁለተኛው በመጨረሻ እመለሳለሁ።

ሜርኩሪ፣ በቀድሞው አማርኛ ባዜቃ፣ ስሙ አንድ ቢሆንም ወደ ሰውነት ሲገባ የሚያሳየው ጠባይ እንደ መልኩ ይለያያል። በቴርሞሜትር ውስጥ የምናውቀው ፈሳሹ ብረት ቢዋጥ ከአንጀት ወደ ደም የሚገባው ከ0.01 በመቶ ያነሰ ነው፤ ተኖ በአፍንጫ ሲሳብ ግን 80 በመቶ ያህሉ በሳንባ በኩል ደም ውስጥ ይቀራል። ከሌሎች ንጥረ ነገሮች ጋር ተዋህዶ ጨው የሆነው ሜርኩሪ ከመኖ ጋር ሲበላ ወደ ደም የሚያልፈው ከአሥር እጅ አንዱ ወይም ከዚያ ያነሰው ነው፤ የሚያልፈውም በዋናነት ኩላሊት ውስጥ ይከማቻል። ሦስተኛው፣ ሜቲል ሜርኩሪ የሚባለው፣ ከካርቦን ጋር የተጣመረው ነው፤ ይህ በሰው አንጀት በኩል 95 በመቶ ያህሉ ያልፋል፣ አንጎል ውስጥ ይገባል፣ በእንግዴ ልጅ በኩልም ወደ ፅንስ ይሻገራል። ስለዚህ አንድ ሰው መጥቶ «መኖው ሜርኩሪ አለበት» ቢለኝ ግማሹን ብቻ ነገረኝ ማለት ነው፤ የትኛው ሜርኩሪ እንደሆነ ካልነገረኝ በቀር የምሰጠው መልስ አይኖረኝም።

አሁን ወደ ገንዳው እንሂድ። እዚህ አካባቢ ላም የምትበላው ሣር፣ ድርቆሽ፣ ገለባ፣ የእንሰት ቅጠል፣ ፉርሽካ፣ የኑግ ፋጉሎ፣ አንዳንዴም አተላና ሞላሰስ ነው። እነዚህ በተፈጥሯቸው ብዙ ሜርኩሪ የላቸውም። ተክል በሥሩ ከአፈር የሚስበው ሜርኩሪ አብዛኛው እዚያው ሥሩ ላይ ተይዞ ስለሚቀር፣ ቅጠሉ ላይ የሚገኘው በዋናነት ከአየር የመጣ ነው። ላም ከሣሩ ጋር አፈርም ትበላለች፤ አፈሩ የተበከለ ከሆነ ዋናው መግቢያ ሣሩ ሳይሆን ያ አፈር ሊሆን ይችላል። ለከብት የሚሰጠው ቦሌም አፈር ነውና ከየት እንደተቆፈረ ሳይጠየቅ ከገበያ የሚገዛ ሰው ይህን ልብ ይበል። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ለተሟላ የከብት መኖ የፈቀደው የመጨረሻ መጠን በኪሎግራም 0.1 ሚሊግራም ሲሆን፣ ለዓሣ ዱቄት ግን 0.5 ሚሊግራም ነው። አምስት እጥፍ የሆነው ሕግ አውጪው ለዓሣ ስላዳላ አይደለም፤ ዓሣ ከሣር ይልቅ ሜርኩሪ የመያዝ ባሕርይ ስላለው፣ ያውም በሜቲል መልኩ ስለሚይዘው ነው።

መኖው ከገንዳው ወደ ላሟ ሲገባ መጀመሪያ የሚያርፈው ሩመን በምንለው ትልቁ ጨጓራ ውስጥ ነው። የአዋቂ ላም ሩመን ከመቶ ሊትር በላይ ይይዛል፤ አየር የለውም፣ ሞቃት ነው፣ ቁጥር ስፍር በሌላቸው ጥቃቅን ሕዋሳት ተሞልቷል። በላቦራቶሪ የታየው ነገር ይህ ነው፦ እነዚህ ሕዋሳት ሜቲል ሜርኩሪን ከካርቦኑ ነጥለው በቀላሉ ወደ ደም ወደማይገባው መልኩ ይመልሱታል፤ የተመለሰውም አብዛኛው ከእበት ጋር ይወጣል። ነገሩ የሚያስገርም ነው፤ ከሐይቅ በታች ያለው ጭቃም እንደ ሩመኑ አየር የሌለው የሕዋሳት መኖሪያ ሆኖ ሳለ፣ እዚያ ያሉት ሕዋሳት ግን ተቃራኒውን ይሠራሉ፤ ተራውን ሜርኩሪ ሜቲል ያደርጉታል። አንዱ ጭቃ መርዙን ሲሠራ ሌላው «ጭቃ» ያፈርሰዋል። የሚያመሰኩ እንስሳት ከእኛና ከዶሮ የሚለዩበት ትልቁ ነጥብ ይህ ነው፤ ዶሮም አሳማም ይህ መከላከያ የላቸውም።

ሁሉም ግን አይፈርስም። ከሩመኑ አምልጦ ደም ውስጥ የገባው ሜቲል ሜርኩሪ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ቀይ የደም ሴሎች ውስጥ ይገባል። ለወተት ደግሞ ቀይ የደም ሴል አያስፈልገውም። አንድ ሊትር ወተት እንዲሠራ ከ400 እስከ 500 ሊትር ደም በግቱ ውስጥ ማለፍ አለበት፤ ግቱ ከዚያ ሁሉ ደም የሚወስደው ውሃውን፣ ስኳሩን፣ ቅባቱን፣ የፕሮቲን መሥሪያ የሆኑትን አሚኖ አሲዶችና ማዕድናቱን ፕላዝማ ከሚባለው የደሙ ፈሳሽ ክፍል ነው። ቀዩ ሴል ውስጥ የተቆለፈው ሜርኩሪ ከደጅ ደርሶ ይመለሳል ማለት ነው። የሚገባው ጥቂቱም የሚገባው አስመስሎ ነው፤ ሜቲል ሜርኩሪ ሲስቲን ከተባለው አሚኖ አሲድ ጋር ሲጣበቅ ሜቲዮኒን የተባለውን ሌላውን አሚኖ አሲድ ይመስላል፤ ሴሎቹም ለፕሮቲን ሥራ የሚፈልጉትን ያገኙ መስሏቸው ይከፍቱለታል። አንጎልና ፅንስ ውስጥ የሚገባውም በዚሁ ማታለያ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በጨረር ምልክት የተደረገበት ሜቲል ሜርኩሪ ለወተት ላሞች ተሰጥቶ በተደረገ ክትትል፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከተሰጠው መጠን በወተት የወጣው ከ1 በመቶ በታች ነበር።

ይህን ወደ ቤታችን አምጥተን በአኃዝ እንየው፤ ያለ አኃዝ ፍርሃትም ድፍረትም መጠኑን ያጣል። አንዲት ላም በቀን 10 ኪሎ መኖ ትብላ፤ መኖው ከላይ ያልኩት የመጨረሻ መጠን፣ በኪሎ 0.1 ሚሊግራም፣ ይኑርበት። በቀን የምትበላው 1 ሚሊግራም፣ ማለትም 1,000 ማይክሮግራም ነው። ለጥንቃቄ ስንል ሙሉ 1 በመቶው ወደ ወተት ይለፍ ብንል 10 ማይክሮግራም ይሆናል። ላሟ 10 ሊትር ብትታለብ በሊትር 1 ማይክሮግራም ይደርሰዋል። 12 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በየቀኑ ግማሽ ሊትር ቢጠጣ በሳምንት 3.5 ማይክሮግራም ይወስዳል። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2012 ያስቀመጠው ሳምንታዊ ገደብ ለሜቲል ሜርኩሪ በሰውነት ክብደት ኪሎ 1.3 ማይክሮግራም ነው፤ ለዚህ ሕፃን 15.6 መሆኑ ነው። ስለዚህ በወተቱ ያለው ሁሉ ክፉው ሜቲል ነው ብለን ብንቆጥር እንኳ የገደቡን ሩብ አይሞላም። ስድስት ኪሎ በልታ ሁለት ሊትር ብቻ የምትታለበው ያገራችን ላም ስሌቱን ታከብደዋለች፤ በዚያው ግምት ሕፃኑ በሳምንት 10.5 ይደርሰዋል። እሱም ከገደቡ በታች ነው፤ በእውነቱም ጥቂት የምትታለብ ላም በወተቷ የምታወጣው ድርሻ ከዚያ ያንሳል።

እናቶች ከወተቱ የትኛው ክፍል ውስጥ እንደሚገባ ሊጠይቁ ይችላሉ። ሜርኩሪ ድኝ ወዳለበት ፕሮቲን ያደላል፤ ቅባት አይመርጥም። ስለዚህ እርጎው ተንጦ ቅቤው ሲወጣ፣ ያለው ጥቂት ሜርኩሪ አብዛኛው ከቅቤው ጋር ሳይሆን በአሬራው ውስጥ ይቀራል፤ አሬራው በእሳት ሲሞቅም ከአጓቱ ይልቅ አይቡን ይከተላል። ወተትን ማፍላት ባክቴሪያን ይገድላል፣ ሜርኩሪን ግን አይነካውም፤ ብረት ነውና አይሞትም።

እዚህ ላይ ከመንገዴ ጥቂት ልውጣ፤ ብዙም አልርቅም። ያው ገንዳ ውስጥ፣ ያው ፋጉሎ ላይ፣ ከሜርኩሪ ይልቅ ወደ ወተት የሚሮጥ ሌላ መርዝ አለ፤ እርጥብ ሆኖ የተከማቸ ፋጉሎ ላይ የሚበቅለው ሻጋታ የሚሠራው አፍላቶክሲን። ላሟ ከበላችው ከ1 እስከ 3 በመቶ የሚሆነው፣ ብዙ በሚታለቡ ላሞች ደግሞ ከዚያም የሚበልጠው፣ መልኩን ለውጦ በወተት ይወጣል። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ከሚገኙ አምራቾችና ነጋዴዎች የተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎች ሲመረመሩ በሁሉም ላይ ተገኝቷል፤ ከአውሮፓ ገደብ ያልበለጡት 9 ብቻ ነበሩ፤ ዋናው ምንጭም የኑግ ፋጉሎ እንደሆነ ተጠቁሟል። ይህን የማነሣው ስለ ሜርኩሪ ሰምታችሁ ከዚህ ስትወጡ ሻጋታ የያዘውን ፋጉሎ አራግፋችሁ እንዳትመግቡ ነው። በሜርኩሪ የሚፈራ ሰው ሻጋታን ሲንቅ ማየት ያበሳጨኛል።

ታዲያ ላሟ ይህን ያህል የምታጣራ ከሆነ ሜርኩሪን ለምን እናነሣለን? ወተት መጨረሻ የሚናገር ምስክር ስለሆነ ነው። ወተት ላይ ሜርኩሪ ጎልቶ እስኪታይ ድረስ ኩላሊትና ጉበቱ ቀድመው ይሞላሉ፤ ሥጋ መርማሪ ባለሙያ ከአጠራጣሪ በረት የመጣ ከብት ሲያጋጥመው ናሙና መውሰድ ያለበት ከኩላሊቱ ነው። ከዚያም በላይ፣ መከላከያው የሚሠራው መጠኑ ትንሽ ሲሆን ነው። መርዙ ገንዳው ላይ በእፍኝ ሲዘገን ግን ሌላ ታሪክ ይሆናል።

ይህን ያየችው ኢራቅ ናት። እ.ኤ.አ. በ1971 ድርቅ በመታት ጊዜ ከውጭ የመጣ የስንዴና የገብስ ዘር ለገበሬዎች ታደለ። ዘሩ ሻጋታ እንዳያበላሸው በሜቲል ሜርኩሪ መድኃኒት የታሸና ቀይ ቀለም የተነከረ ነበር፤ ማስጠንቀቂያው ግን ገበሬው በማያነበው ቋንቋ ነበር የተጻፈው። ሰዎቹ ሞኞች አልነበሩም፤ ዘሩን አጥበው ቀለሙ ሲለቅ መርዙም የለቀቀ መሰላቸው፣ አንዳንዶቹም ለእንስሶቻቸው ሰጥተው ጥቂት ቀን ጠበቁ፤ እንስሳቱ ምንም አልሆኑም። ሜቲል ሜርኩሪ ግን ቶሎ አይናገርም፤ ምልክቱ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው። እስከዚያ እንጀራው ተጋግሮ ተበላ። 6,530 ሰዎች ሆስፒታል ገቡ፤ ከነዚህ 459ኙ ሞቱ፤ ዳቦውን ከበሉ እናቶች ጡት የጠቡ ሕፃናት ደምም ውስጥ ሜርኩሪው ተገኘ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1969፣ በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ግዛት አንድ ቤተሰብ እንዲህ ያለውን የታሸ ዘር ለአሳማዎቹ መግቦ፣ አሳማውን አርዶ በልቶ፣ ልጆቹ አካል ጉዳተኞች ሆነዋል፤ በጊዜው በእናቱ ማሕፀን የነበረው ሕፃንም ከጉዳቱ አላመለጠም። ሩመን የሌለው እንስሳ ማለት እንግዲህ ይህ ነው።

ዛሬ ገበያ ላይ ያለው ምርጥ ዘር የሚታሸው በሌሎች መድኃኒቶች ነው እንጂ እንደዚያ ዘመን በሜርኩሪ አይደለም። ልማዱ ግን አልጠፋም። ባለፈው ክረምት አንዲት አርቢ ከዘር የተረፈ ሮዝ የተነከረ በቆሎ በጆንያ አምጥተው አሳዩኝ፤ ሦስት ጊዜ አጥበውታል፣ የመጨረሻው ውሃ ጥርት ብሎ ወጥቷል፤ «አስፈጭቼ ለጥጃዋ ልስጣት?» አሉኝ። አንድ እፍኝ ዘግኜ በጥፍሬ ስፍቀው ቀለሙ ከፍሬው ጫፍ፣ ከበቆሎ ቆረቆንዳው ጋር ከሚያያዝበት ስንጥቅ ውስጥ፣ እንዳለ ነበር። ቀለሙ ምልክት እንጂ መድኃኒቱ አይደለም፤ ቀለሙ ለቀቀ ማለት መድኃኒቱ ለቀቀ ማለት አይደለም። የታሸ ዘር፣ መድኃኒቱ ምንም ይሁን ምን፣ ከመሬት በቀር ሌላ ቦታ የለውም።

ከታሸ ዘር ቀጥሎ ልንጠነቀቅለት የሚገባው ሁለተኛው ነገር ዓሣ ነው፤ እሱም ከዚሁ ከከተማችን አይወጣም። ሐይቃችን ገባር እንጂ መውጫ የለውም፤ ጥቁር ውሃ ወንዝ ያመጣለትን ሁሉ ይዞ ይቀመጣል። በሐይቁ ዓሣዎች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት፣ አድጎ ሌሎች ዓሣዎችን መብላት የሚጀምረው ቢልጫ ሜርኩሪው እጅግ ከፍ እንደሚል አሳይቷል፤ ከትላልቆቹ አንዳንዶቹ በኪሎ ከ0.5 ሚሊግራም በላይ ነበራቸው። ቆሮሶ ግን አልጌ ስለሚበላ መጠኑ ዝቅተኛ ነው፤ አሞራ ገደል ሄዳችሁ ቆሮሶ ስትበሉ በእኔ ንግግር ምክንያት እጃችሁ እንዳይሰበሰብ። አሁን ስሌቱን ከወተቱ ጋር አስተያዩት። 60 ኪሎ የምትመዝን ነፍሰ ጡር ከእንዲህ ያለ ትልቅ ቢልጫ 200 ግራም ብትበላ 100 ማይክሮግራም ወሰደች፤ የሳምንቱ ገደቧ ግን 78 ነው። ያ ሕፃን ከ10 ሊትር ላሟ ወተት ይህን ያህል ለማግኘት ከስድስት ወር በላይ በየቀኑ መጠጣት ይኖርበታል።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለመኖ ነጋዴዎች ነው። የዓሣ ጭንቅላትና አንጀት አድርቆ መፍጨት መልካም ሐሳብ ነው፤ አባ ኮዳ የተባለው ትልቁ ወፍ ብቻውን ከሚጠግብበት ዶሮም ብትጠቀምበት ደስ ይለኛል። ነገር ግን የቢልጫው ትርፍራፊ ከቆሮሶው ተለይቶ ይያዝ፤ ከሐይቁ ዳር በጆንያ ለሚገዛ ሁሉ ይህን መለየት ከባድ ሥራ አይደለም። በጃፓን የሚናማታ ዓሣ አጥማጆች እ.ኤ.አ. በ1956 በሜቲል ሜርኩሪ የመጣው በሽታ በይፋ ከመታወቁ በፊት ድመቶቻቸው ሲንቀጠቀጡና ሲዘሉ አይተዋል፤ ድመቶቹ የሚበሉት የዓሣ ትርፍራፊ ነበር። ባሕሩን የበከለው ፋብሪካ ሲሆን፣ በእኛ ሐይቅ ያለው መጠን ከዚያ ጋር አይነጻጸርም፤ የመተላለፊያው መንገድ ግን ያው ነው።

ሦስተኛው ወርቅ ነው። ከዚህ ወደ ደቡብ ስንወርድ ወርቅ የሚታጠብባቸው አካባቢዎች አሉ። ሜርኩሪ ወርቁን ለመያዝ ይውላል፣ ከዚያም በእሳት ይተናል፤ በዓለም ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2015 ሰው ወደ አየር ከለቀቀው 2,220 ቶን ያህል ሜርኩሪ 38 በመቶ የሚሆነው ከእንዲህ ያለው ባሕላዊ የወርቅ ሥራ የወጣ ነው። ከእንዲህ ያለ ወንዝ ዳር የሚሰማራ ከብት ካለ፣ ከወተቱ በፊት አፈሩና ውሃው ይመርመር። ናሙናውንም ባገኛችሁት ፕላስቲክ ጠርሙስ አታምጡልን፤ ሜርኩሪ ከፕላስቲኩ ግድግዳ ላይ ይጣበቃል፣ በውስጡም ያልፋል፣ እኛም ንጹሕ ያልሆነውን ንጹሕ ብለን እንጽፍላችኋለን።

አሁን ወደ ቱላው በረት ልመለስ። ቴርሞሜትር ውስጥ ያለው ግማሽ ግራም ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ፈሳሽ ብረት ነው። ላሟ ያችን እንክብል ከጭዱ ጋር ብትውጣት እንኳ ብዙውን ሳይፈጭ በእበት ታወጣዋለች፤ የማለዳው ወተት ደግሞ ቴርሞሜትሩ ከመሰበሩ በፊት ታልቦ በእንስራ ውስጥ ነበር። መባል የነበረበት እንዲህ ነው፦ ወተቱ ይጠጣ፤ ልጆቹ ይውጡ፣ ላሟም ትውጣ፣ በሩና መስኮቱ ይከፈት። መጥረጊያ አይንካው፤ መጥረጊያ አንዱን ጠብታ መቶ ያደርገዋል፣ ብዙ ጠብታም ብዙ ይተናል። እንክብሎቹ በሁለት ጠንካራ ወረቀት ተገፍተው ክዳን ባለው ብልቃጥ ይሰብሰቡ፣ የነካው ጭድ በላስቲክ ታስሮ ከቤት ይራቅ፤ ወደ ገንዳም፣ ወደ ውሃም፣ ከሁሉ በላይ ወደ እሳት አይሂድ። በሜርኩሪ የሚሠራ ቴርሞሜትር ስለ ሜርኩሪ በተደረገው ዓለም አቀፍ የሚናማታ ስምምነት መሠረት እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ እንዳይመረት፣ ወደ አገር እንዳይገባና ከአገር እንዳይወጣ ተወስኗል፤ በየመሳቢያችን ያሉት አሮጌዎቹ ግን ገና አሉ፤ ያላችሁ ባልደረቦች በዲጂታሉ ተኩት።

እኔ ግን ያን ቀን ወተቱን አስደፋሁና ተረጋጋሁ። እመቤቲቱም እንደ ነገርኳቸው ጭዱን ጠርገው ማድቤት ወስደው ምድጃ ውስጥ ከተቱት፤ ለመሰናበት ብቅ ስል ሁለቱ ትንንሽ ልጆቻቸው እሳቱን እየሞቁ ተቀምጠው ነበር።